የከሰል ነጋዴዎቹ ገበታ፦ የፓሪስ ቢስትሮና «ነባር» የተባለው ወግ

ስለ ፓሪስ ቢስትሮ፣ ስለ ትንሹ የሠፈር ምግብና መጠጥ ቤት፣ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሙገሳ ነው። በዚንክ የተለበጠው ባንኮኒ፣ ግድግዳውን የሞሉት መስተዋቶች፣ ቀይና ነጭ ዳማ ያለበት የገበታ ልብስ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈው የዕለቱ ምግብ ተራ በተራ ይዘረዘራሉ፤ ከዚያ «ጥንታዊ የፈረንሳይ ወግ» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። እኔ የምከራከረው ከዚህ መዝጊያ ጋር ነው። ቢስትሮ ወግ አለው። ነገር ግን ወጉን የፈጠሩትም ያቆዩትም በየዘመኑ ከሌላ ቦታ ወደ ከተማይቱ የገቡ ሰዎች ናቸው። እንግዳውን የሚማርከው ሞቅ ያለ ድባብም ቢሆን ከቦታ ጥበትና ከዋጋ ስሌት የተወለደ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከማዕከላዊ ፈረንሳይ ደጋ፣ ከኦቬርኝና ከአቬይሮን፣ የእርሻ መሬት ያልበቃቸው ሰዎች ወደ ፓሪስ ይጎርፉ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ ውሃ ተሸክመው ፎቅ ለፎቅ ይሸጡ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ ሲስፋፋ ወደ ማገዶና ከሰል ዞሩ። ከሰሉ በሚሸጥበት ክፍል ውስጥ ባንኮኒ ቆመ፤ ከባልየው የከሰል ሚዛን ጎን ሚስትየው ወይን ጠጅ ትቀዳለች፣ አንዳንዴም ከቤተሰቡ ድስት ለደንበኛው ትጨልፋለች። ብዙ ቢስትሮ የተወለደው እንዲህ ነው። ፓሪሶች እነዚህን ሰዎች «ቡኛ» ይሏቸው ነበር፤ አጠራሩ ንቀትም ፍቅርም ነበረበት። የአዲስ አበባን ንግድ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ከጉራጌ አገር የመጡትን ነጋዴዎች ማስታወሱ አይቀርም፦ በትንሽ ሥራ ጀምሮ ሱቅና ምግብ ቤት መክፈት፣ የአገር ልጅን አስመጥቶ ሥራ ማስያዝ፣ የትውልድ ቀዬን አለመርሳት። ኦቬርኛቶቹም በ1882 የራሳቸውን ጋዜጣ አቋቁመዋል። የሴን ዠርመኑን ብራስሪ ሊፕ እንውሰድ፤ ከቢስትሮ ከፍ ያለ ቤት ቢሆንም ምሳሌነቱ ግልጽ ነው። በ1880 የከፈተው ከአልዛስ የመጣ ሰው ነበር፤ በ1920 የገዛው ማርሴለን ካዝ ደግሞ የአቬይሮን ልጅ ነው። ዛሬ የፓሪስ መንፈስ ማደሪያ ተደርጎ የሚቆጠረው ቤት ከአንድ ባለአገር ወደ ሌላ ባለአገር የተላለፈ ንብረት ነው ማለት ነው።

የቢስትሮ ሜኑም በቅድሚያ መነበብ ያለበት በሂሳብ ዓይን ነው። ብላንኬት ርካሽ የጥጃ ሥጋ ተቀቅሎ በክሬምና በእንቁላል አስኳል ሶስ የሚቀርብ ወጥ ነው። በፍ ቡርጊኞን ጠንካራ የበሬ ሥጋ ነው፤ ወይን ጠጅና ረጅም ሰዓት ያለሰልሱታል፣ በማግስቱ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። የዳክዬው እግር በራሱ ስብ ተቀቅሎ በዚያው ስብ ውስጥ ለሳምንታት ይቀመጣል። ማዮኔዝ የለበሰው ቅቅል እንቁላል፣ በዘይትና በድንች የሚቀርበው ሄሪንግ ዓሣ፣ በኮምጣጤና በሰናፍጭ የሚበላው ባሮ ሽንኩርት ሁሉም ቀዝቃዛ ናቸው፤ ጠዋት ተሠርተው እኩለ ቀን ላይ ወዲያው ይወጣሉ። ምሳውን በአንድ ሰዓት ውስጥ በልቶ ወደ ሥራው የሚመለስ ሠራተኛ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እንግዲህ የምግቦቹ ጣዕም የተገኘው ከብልሃት ነው፤ ርካሹን ሥጋ ጊዜ ሰጥቶ ማሸነፍ። ጥሩ ቢስትሮ በሶሱ ይታወቃል የምለው ለዚህ ነው። ሶሱን በዳቦ ጠርጎ ያልጨረሰ ተመጋቢ ወይ ጠግቦ መጥቷል፣ ወይ ምግቡ ከፋብሪካ መጥቷል።

አቀማመጡም የዚያው ሂሳብ ልጅ ነው። በሙስዩ ለ ፕረንስ ጎዳና ያለው ፖሊዶር ከ1845 ጀምሮ የሚሠራ ቤት ሲሆን፣ የማይተዋወቁ ሰዎችን በረጃጅም ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ለቋሚ ደንበኞች የናፕኪን ጨርቅ ማስቀመጫ ትንንሽ መሳቢያዎችም ነበሩት። ጨርቁ በየቀኑ ስለማይታጠብ እያንዳንዱ የራሱን አጥፎ ያስቀምጣል፤ ዛሬ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳቸው እነዚህ መሳቢያዎች የተሠሩት የእጥበት ወጪ ለመቀነስ ነበር። በ1896 የተከፈተው ሻርትዬ ምግብ ቤት እስካሁን ትዕዛዙንም ሂሳቡንም የሚጽፈው በወረቀቱ የገበታ ልብስ ላይ ነው። ጎረቤትህ ያዘዘውን ታያለህ፣ ወሬውን ሳትፈልግ ትሰማለህ፣ ክርንህ ክርኑን ይነካል። አስተናጋጁ ቁጡ ቢመስል አትቀየም፤ ለደርዘን ጠረጴዛዎች አንድ ሰው ነው፣ የአገልግሎቱ ክፍያም በዋጋው ውስጥ ስለተካተተ ለጉርሻ ብሎ ፈገግ ማለት የለበትም።

ይህን ገበታ ካዩት ምሁራን መካከል ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎዢ» ውስጥ ስቴክና ችፕስን የፈረንሳይነት ምልክት አድርጎ ተንትኗል። ትንታኔው ዛሬም ሹል ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ወይን ጠጅ ሲጽፍ ወይኑ በአልጄሪያውያን መሬት ላይ እንደሚበቅል አልረሳም። ስቴኩ ላይ ሲደርስ ግን ምድጃው አጠገብ ማን እንደቆመ አይጠይቅም። ማርክ ኦዤም በ2015 ለፓሪስ ቢስትሮ የውዳሴ መጽሐፍ ጽፏል። መንፈስ የሌላቸውን ኤርፖርቶችና አውራ ጎዳናዎች ያጠና አንትሮፖሎጂስት ቢስትሮን ቢወድ አይደንቅም፤ እሱም ቢሆን የሚያየው ከደንበኛው ወንበር ነው።

ከወጥ ቤቱ በኩል ስናይ ታሪኩ አልተቋረጠም። በ20ኛው መቶ ዘመን ከአልጄሪያ ካቢሊያ የመጡ ሰዎች ብዙ የሠፈር ካፌዎችን ያዙ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ትምባሆ የሚሸጡትን ቡና ቤቶች የቻይና ተወላጆች መግዛት ጀመሩ። ብላንኬቱን የሚያማስለው ብዙ ጊዜ የማሊ፣ የሴኔጋል ወይም የስሪላንካ ልጅ ነው። በ2008 የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች፣ የፓሪስ ምግብ ቤት አብሳዮች ጭምር፣ ሥራ አቁመው «ግብር እየከፈልን እንዴት የላችሁም ትሉናላችሁ?» የሚል ጥያቄ አነሱ። ከተማይቱ በጣም የእኔ የምትለው ምግብ በማን እጅ እንደሚሠራ ያን ጊዜ በአደባባይ ታየ።

ቁጥሩ እየመነመነ የሄደውን ቢስትሮ ለማዳን የተሞከሩት መንገዶች በዚያ በድሮው የዋጋ ስሌት ሚዛን ሲታዩ እኩል አይደሉም። በ1992 አብሳዩ ኢቭ ካምደቦርድ ላ ሬጋላድ የተባለ ቢስትሮ ከፍቶ የትልቅ ሆቴል ሙያን ወደ ትንሽ ቤትና ወደ ተመጣጣኝ ዋጋ አወረደ። እንቅስቃሴው በኋላ «ቢስትሮኖሚ» ተባለ። ምግቡን አዳነ፤ ተከታዮቹ ግን ዋጋውን ቀስ በቀስ ሠራተኛው ከማይደርስበት ሰቀሉት። በ2014 የወጣው «በቤቱ የተሠራ» የሚለው ምልክት ደንብ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አንዳንድ የቀዘቀዘ ጥሬ ዕቃን ስለሚፈቅድ ግን ላላ ያለ ነው። በ2017 የተከፈተው ቡዮን ፒጋል የተባለው ምግብ ቤት የድሮውን ስሌት መለሰ፦ አጭር ዝርዝር፣ ብዙ ወንበር፣ ትንሽ ዋጋ። እኔ ከሁሉም ለወጉ የታመነው ይሄኛው ነው እላለሁ፣ ምንም እንኳ በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ቢያሰለችም።

በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ 200,000 ገደማ የነበሩት ካፌና ቢስትሮዎች ዛሬ ወደ 40,000 ገደማ ወርደዋል። በ2024 የቢስትሮና የካፌ ማኅበራዊ ልማድ በአገሪቱ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ምዝገባው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅርሱ ከባንኮኒው ወዲህ ያለው ጨዋታ ብቻ ተደርጎ ከተወሰደ የተመዘገበው ግማሹ ቢስትሮ ነው። የሚቀጥለው የቢስትሮ ታሪክ ጸሐፊ ሥራውን ከወጥ ቤቱ ይጀምር፤ የአብሳዮቹን ስም፣ የትውልድ አገራቸውንና ደመወዛቸውን ከነድስቱ ይመዝግብ።