አፈሙዙ ሲዘል

ማካሮቭ በኢትዮጵያ በፖሊሶችና በመኮንኖች ወገብ ላይ ለብዙ ዓመታት የታየ ሽጉጥ ነው። አረሩ 6 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሰከንድ 315 ሜትር ያህል ይበርራል። ለሽጉጥ ይህ ብዙ አይደለም። ሆኖም ተኳሹ ሁለተኛውን ጥይት ሊተኩስ ሲል አፈሙዙን ከኢላማው በላይ ያገኘዋል። በርሜሉ ከመዳፍ በላይ ስለሚቀመጥ፣ ወደ ኋላ የሚመጣው ግፊት መሣሪያውን በእጅ አንጓ ላይ ያሽከረክረዋል።

ይህን ለማስቀረት የሶቪየት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1956 ለሜልቦርን ኦሎምፒክ የውድድር ሽጉጥን ገልብጠው በርሜሉን ወደ እጅ ደረጃ ያወረዱበትን ሞዴል ይዘው ቀረቡ። ብዙም ሳይቆይ የውድድሩ ደንብ ከለከለው።

ኮምፐንሴተር፣ ማለትም አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ባለ ቀዳዳ ዕቃ፣ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አረሩን ተከትሎ የሚወጣው የባሩድ ጋዝ በቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ሲፈተለክ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። ሥራውን የሚሠራው ጋዙ እንጂ ብረቱ አይደለም። በአሜሪካ የተግባር ተኩስ ውድድር ነግሦ የኖረው .45 ጥይት ትልቅ አረር በዝቅተኛ ግፊት ስለሚገፋ ለቀዳዳዎቹ የሚተርፈው ጋዝ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተወዳዳሪዎቹ ሮብ ሌተምና ብራያን ኢኖስ ግፊቱ እጅግ ወደሚበልጠው .38 ሱፐር ዞሩ፤ ኮምፐንሴተሩም ያኔ ጥቅሙን አሳየ።

በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። 7.5 ግራም አረር በሰከንድ 350 ሜትር፣ 9.5 ግራም ደግሞ 275 ሜትር ሲበርር ክብደትና ፍጥነት ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ተቀራራቢ ነው። ቀላሉ ግን ብዙ ባሩድ ስለሚፈልግ ኮምፐንሴተር ላለው ሽጉጥ እሱ ይሻላል። ኮምፐንሴተር ለሌለው ከባዱና ዘገምተኛው ለእጅ ይለሰልሳል። ይህን ገልብጦ የሚገዛ ሰው በከንቱ ዕቃውን ይወቅሳል። ጥይቱ ከደከመም ስላይዱ (የሽጉጡ ተንሸራታች የላይኛው ክፍል) እስከ መጨረሻው ላይሄድ ይችላል፤ ቀለሃው መውጫው ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል።

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ እርጥበት። ጥላሸት የያዙ የኮምፐንሴተር ቀዳዳዎች ቶሎ ይዝጋሉ። እርጥበት የገባበት ባሩድ ከጥይት ጥይት የተለያየ ግፊት ስለሚሰጥ፣ አፈሙዙ አንዴ ብዙ አንዴ ጥቂት ይዘልላል፤ እጅም አይለምደውም። የወታደር ጥይት በቀለሃው አፍና በማቀጣጠያው ዙሪያ በቫርኒሽ የሚታሸገው ለዚህ ነው።

የማካሮቭ በርሜል ከአካሉ ጋር የተጣበቀ፣ ከስላይዱም ወጣ የማይል ነው። ኮምፐንሴተር የሚገጠምበት ቦታ የለውም፤ የመንግሥት መሣሪያን ቆራርጦ መቀየርም ስህተት ነው። እንዲህ ላለው ሽጉጥ የሚያዋጣው መዳፍን እስከ ላይ ገፍቶ መያዝ፣ ደረቅ ቦታ የተቀመጠና ከአንድ ምርት የወጣ ጥይት መምረጥ ነው። ኮምፐንሴተር ለውድድር ሽጉጥ ይቆይ።