ከዱከም እስከ ዲርቦርን፦ "ኦሪጅናል" የምንለው መኪና የቱ ነው?

መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ የመኪና ዕቃ ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ "ኦሪጅናል ነው" የሚለውን ቃል ሳትሰሙ አልወጣችሁም። የአሮጌ መኪና ደላላም ያው ነው፤ ሞተሩ ኦሪጅናል፣ ቀለሙ ኦሪጅናል፣ ወንበሩ ኦሪጅናል። ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሳ "ጥሩ ነው" ከማለት እምብዛም አይለይም። በሳይንስ ዓይን ግን ኦሪጅናል ማለት ማስረጃ የሚጠየቅበት አባባል ነው። "ይህ ዕቃ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ አብሯት ነበር" የሚል ሰው፣ "በምን አወቅክ?" ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት የአሜሪካ ኮንቨርቲብሎችን፣ ማለትም ጣሪያቸው የሚታጠፍ ወይም የሚነሳ መኪኖችን፣ እናያለን። ሁለቱም የሚገኙት በሚሺጋን ግዛት፣ ዲርቦርን ከተማ ባለው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ነው። አያያዛቸውን እንመዝንና ወደ ራሳችን ጋራዦች እንመለሳለን። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ መኪናን ማሳመርና መኪናን በትክክል ማደስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እኛ ጋ "እድሳት" የሚባለው በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የመጀመሪያዋ መኪና ፎርድ ማስታንግ ናት። ማስታንግ ለሕዝብ የቀረበችው ሚያዝያ 17 ቀን 1964 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ነበር። የሙዚየሟ ነጭ ኮንቨርቲብል መለያ ቁጥር 5ኤፍ08ኤፍ100001 ነው። እስቲ እንደ ኮድ እንፍታው። "5" የሞዴል ዘመኑን፣ 1965ን ያመለክታል። ቀጥሎ ያለው "ኤፍ" በዲርቦርን ፋብሪካ መገጣጠሟን ይናገራል። "08" ኮንቨርቲብል ማለት ነው፤ ጣሪያው የማይነሳው ዓይነት ቢሆን ኖሮ "07" ይሆን ነበር። ሁለተኛው "ኤፍ" የሞተሩ ዓይነት ነው፦ 260 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 4.3 ሊትር ገደማ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። የመጨረሻው 100001 ተራ ቁጥሩ ነው። ማስታንግ ቁጥር አንድ!

ይህች መኪና ለማሳያ ወደ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ተልካ ሳለ ስታንሊ ተከር የተባለ የአየር መንገድ ፓይለት ገዛት። መሸጥ አልነበረባትም። ፎርድ ከብዙ ልመና በኋላ በ1966 አዲስ ማስታንግ ሰጥቶ መለሳት። ሰውየው ግን በመሀሉ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቷታል።

ታዲያ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል? አይበቃም። በር ላይ ያለችው የመረጃ ሰሌዳ የተያዘችው በጥቂት ሪቬት ነው። በሩ ከሌላ መኪና ሊመጣ ይችላል፤ ሰሌዳዋም ዛሬ አዲስ ተሠርታ ትሸጣለች። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ አንድ ምስክር ሰምቶ አይፈርድም። ቁጥሩ ከኮፈኑ ሥር ባለው ብረት ላይም ተመትቷል፤ ሁለቱ መስማማት አለባቸው። የሞተሩ ብረት ሲቀለጥም ቀን ተጽፎበታል። ለምሳሌ "4ሲ12" የሚል ጽሑፍ ብታገኙ 1964፣ ሦስተኛው ወር፣ 12ኛው ቀን ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል አመክንዮ አለ፦ ከመኪናዋ በኋላ የተወለደ ዕቃ የመኪናዋ ኦሪጅናል ሊሆን አይችልም።

ሌላም ምስክር አለ። እስከ 1964 ክረምት ድረስ የተሠሩት ማስታንጎች ባትሪ የሚሞሉት በቀድሞው ዓይነት ጀነሬተር ነበር፤ ከነሐሴ ግድም ጀምሮ የተሠሩት ደግሞ አልተርኔተር ተገጠመላቸው። በሚያዝያ ተሠራች የተባለች መኪና አልተርኔተር ይዛ ከተገኘች አንድ ሰው በመሀል እጁን አስገብቷል ማለት ነው። ይህ ወንጀል አይደለም፤ አልተርኔተር ይሻላልና ብዙዎች ቀይረዋል። ጥፋት የሚሆነው ቀይሮ "ኦሪጅናል ነው" ብሎ መሸጥ ነው።

ክዳን የሌለው ካርቶን

ኮንቨርቲብልን መመርመር ከሌላው መኪና ይበልጥ የሚጥመው በፊዚክሱ ምክንያት ነው። የጫማ ካርቶን ውሰዱና ክዳኑን ዘግታችሁ ለመጠምዘዝ ሞክሩ፤ እምቢ ይላል። ክዳኑን አንሱና ድገሙት፤ ወዲያው ይጣመማል። መኪናም እንደዚሁ ናት። ጣሪያው ከዝናብ መከለያነቱ ባሻገር የመኪናዋን አካል አጥብቆ የሚይዝ ክፍል ነው።

ስለዚህ ፎርድ ኮንቨርቲብሏን ሲሠራ ጣሪያውን አንስቶ ብቻ አልተወም። በበሮቹ ሥር የሚያልፈውን ብረት በውስጥ ደርቦ አጠነከረው፤ ከፊት ወንበሮች ሥርም ተጨማሪ ብረት አስገባ። ጣሪያ የሌላት መኪና ጣሪያ ካላት እህቷ የምትከብደው ለዚህ ነው።

ከዚህ የምናገኘው መመርመሪያ ከማንኛውም ሰሌዳ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። አንድ ሰው ተራ መኪና ገዝቶ ጣሪያውን ቆርጦ "ኮንቨርቲብል" ቢያደርጋት፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ለሠርግም ትከራይ ይሆናል። ወለሏን ከሥር ስታዩ ግን ያ ድርብ ብረት የለም። ከጊዜ በኋላ ወገቧ ይረግባል፤ የበሩ ክፍተት ከላይ ጠብቦ ከታች ይሰፋል፤ በሩም አልዘጋ ይላል። የሐሰት ሰሌዳ መሥራት ይቻላል፤ የፊዚክስን ሕግ ግን ማታለል አይቻልም። ነገሩ የደኅንነት ጉዳይም ነው፤ እንዲህ ያለች መኪና ስትጋጭ ተሳፋሪዋን የመጠበቅ አቅሟ አነስተኛ ነው።

የሊንከኗ ፈተና

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ ከፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጋር በክፍት ሊንከን መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው በሰልፍ አልፈዋል። በዚያ ዘመን የፕሬዚዳንቱ ዋና የሰልፍ መኪና "ኤክስ-100" የሚል ስም የተሰጣት የ1961 ሊንከን ኮንቲኔንታል ኮንቨርቲብል ነበረች። ሄስ ኤንድ አይዘንሃርት የተባለ የሲንሲናቲ ኩባንያ ለሁለት ቆርጦ አንድ ሜትር ያህል አስረዝሟታል። ቀለሟ ጥቁር ሰማያዊ ነበር። ከንጉሡ ጉብኝት 52 ቀን በኋላ ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተገደሉት በዚህች መኪና ውስጥ ሳሉ ነው።

አሁን ሙዚየሙ ብትሄዱ የምታዩት ግን ያቺን ክፍት ሰማያዊ መኪና አይደለም። ከግድያው በኋላ መኪናዋ ተመልሳ ተሠራች። የማይነሳ ጣሪያ፣ ጥይት የማይበሳው መስታወትና የብረት ጋሻ ተገጠመላት፤ ጥቁር ተቀባች። እንዲህ ሆና እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) ድረስ አገልግላለች። የዳላሱ የፊት መስታወት በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። የሰሌዳ ቁጥሮቿ ለብቻቸው ተርፈው በ2015 በ100 ሺህ ዶላር ተሸጡ።

ሙዚየሙ ሁለት አማራጭ ነበረው። አንደኛው ጣሪያውን ነቅሎ፣ ሰማያዊ ቀብቶ፣ ጎብኚው በፊልም የሚያውቃትን መኪና ማሳየት። ሁለተኛው ከአገልግሎት ስትወጣ በነበረችበት ሁኔታ መተው። የመረጠው ሁለተኛውን ነው፤ በእኔ ግምት ትክክል ነው። ወደ 1963 ቢመልሳት ኖሮ ከ1964 እስከ 1977 ያለውን እውነተኛ ታሪክ አጥፍቶ በምትኩ የዛሬ ሠራተኛ የሠራውን ግምት ያስቀምጥ ነበር።

ውሳኔው ግን ዋጋ አለው። ጎብኚው በዓይኑ የሚያየውና በሐሳቡ ይዞ የመጣው አይገጥሙም። ስለዚህ እንዲህ ያለች መኪና ብቻዋን ቆማ ታሪኳን ልትናገር አትችልም። የትኛው ብረት የ1961፣ የትኛው የ1964 መሆኑን የሚያሳይ ሥዕል አጠገቧ ያስፈልጋል። ሙሉ ወቀሳ የሚገባው ካለ የ1964ቱ ጥድፊያ ነው። በዘመኑ እጅግ ከባድ የተባለ ወንጀል የተፈጸመባት መኪና በወራት ውስጥ ፈርሳ ተሠራች፤ በዚያ ሥራ የጠፋውን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ፣ ውኃ እንዳይገባ ተብሎ በበጎ ሐሳብ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራ ቡድን ያንን ልባስ ከድንጋዩ ላይ በማንሳት ብዙ ደከመ። በጎ ሐሳብ ብቻውን ቅርስ አያድንም።

እኛ ጋ ምን ይጠፋል?

ጉዳዩ አሁን ለምን አንገብጋቢ ሆነ? አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት ተዘግቷል ማለት ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ መኪኖች ላይ ከዋጋቸው የሚበልጥ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ለአካባቢ አየርና ለውጭ ምንዛሪ ሲባል የተወሰደውን እርምጃ እዚህ አልከራከርበትም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ ያሉን አሮጌ መኪኖች እነዚህ ብቻ ናቸው። አንዱ ሲበላሽ ምትክ የለውም።

መኪና ደግሞ በታሪካችን ተራ ዕቃ ሆና አታውቅም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነው። ያ ክስተት የሚታወሰው ከመኪናዋ ጋር ነው። የመኪናዋን ቀለም ወይም ወንበር "ለማሳመር" መቀየር ምን ያህል ከባድ ጥፋት እንደሚሆን አስቡት።

የተለመደው አሠራር ግን ይህ ነው፦ አሮጌው ቀለም እስከ ብረቱ ይፋቃል፣ ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፣ በላዩ ደማቅ ቀይ ይረጫል፣ ወንበሩ በአዲስ ሌዘር ይለበጣል። ውጤቱ ያምራል። የተፋቀው ቀለም ግን እንደ ዛፍ ቀለበት ነበር። ጥበብ ያለው ሠራተኛ ከግንዱ ውስጥ ወይም ከበሩ ሽፋን ጀርባ አንዲት ትንሽ ቦታ በቀጭን አሸዋ ወረቀት ሲያሻሽ፣ ከላይ ያለው ቀለም፣ ከሥሩ ያለው፣ ከዚያም የፋብሪካው ቀለም በተርታ ቀለበት ሠርተው ይታያሉ። ሁሉን ከፋቃችሁ በኋላ ይህን ጥያቄ የምትጠይቁት ማንን ነው? ስቱኮ መኖሩን ለማወቅም ማግኔት ይበቃል፤ ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይወድቃል።

አየር ንብረታችንም የራሱ ባሕርይ አለው። በረዶ ባለበት አገር መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ የመኪናን ወለል ይበላል። በእኛ ደጋ ጨው የለም፤ ብረቱ በደንብ ይቆያል። በአንጻሩ ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ስንል አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ቶሎ የሚጎዱት ቀለም፣ ጎማ፣ ዳሽ ቦርድና የኮንቨርቲብል የጨርቅ ጣሪያ ናቸው። ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው፦ ብረቱን አትቸኩሉበት፤ ጥላ አብጁለት፤ የተረፈውን ጨርቅና ላስቲክ ደግሞ ቢቀደድም አትጣሉት፣ ናሙና ነውና።

የዱከም ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትሄዱ ዱከም ላይ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞንን ታገኛላችሁ። የቻይናው ሊፋን መኪኖቹን እዚያ ሲገጣጥም ቆይቷል። ክፍሎቹ ከቾንግቺንግ ተጭነው ይመጡ ነበር፤ መኪናዋ መኪና የምትሆነው ዱከም ላይ ነበር። ታዲያ የዚህች መኪና "ኦሪጅናል" የትኛው ነው? የቻይናው ክፍል ወይስ የዱከሙ ብሎን?

መልሱ ያው የማስታንጓ መልስ ነው፦ ከመገጣጠሚያው ስትወጣ አብሯት የነበረ ሁሉ። ማስታንግም የብዙ ፋብሪካ ዕቃ ተሰብስቦ ነው የተሠራችው። ሊፋን ቻይና ውስጥ በ2020 (እ.ኤ.አ.) በኪሳራ ፍርድ ቤት ሥር እንደገና ተደራጅቷል። እና ዛሬ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራት የዱከም ሊፋን ከ40 ዓመት በኋላ የአገር ውስጥ መገጣጠም ታሪክ ማስረጃ ትሆናለች። ሰሌዳዋን፣ መጽሐፏንና የመጀመሪያ ሊብሬዋን ዛሬ ያስቀመጠ ሰው ለነገ መርማሪ ትልቅ ውለታ ይውላል።

የጥንታዊ መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ የቱሪን ቻርተር የሚባል መመሪያ አለው። ፍሬ ሐሳቡ በማንኛውም ጋራዥ ይሠራል፦ መጀመሪያ ጠብቅ፣ ሳይቻል ሲቀር ጠግን፣ አዲስ ያስገባኸውን ምልክት አድርግበት፣ የሠራኸውን ሁሉ መዝግብ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የወጣውን ዕቃ በካርቶን አድርጎ ስም መጻፍ፣ አንድ ደብተር መያዝ፤ በቃ። ቀጥሎ የታደሰ አሮጌ መኪና ስታዩ "እንዴት ታምራለች!" ማለት ይቻላል። ግን ያንን ደብተር ጠይቁ። ደብተር ከሌለ የምታዩት ጥሩ የቀለም ሥራ ነው፤ "ኦሪጅናል" ለመባል ግን ገና ማስረጃ ይጎድለዋል።