«ጀንክ»፦ ሱስን ከውስጥ ያሳየ ልቦለድ

እንግሊዛዊው ደራሲ ሜልቪን በርጀስ በ1996 እ.ኤ.አ. «ጀንክ»ን ሲያሳትም፣ የሄሮይን ታሪክ ለታዳጊዎች መቅረቡ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር። መጽሐፉ ግን ለልጆችና ለታዳጊዎች መጻሕፍት የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳሊያን ወሰደ፤ ይገባዋልም!

ዋና ገጸ ባሕርያቱ ታርና ጄማ ገና 14 ዓመታቸው ነው። እሱ ከአባቱ ዱላ፣ እሷ ከወላጆቿ ቁጥጥር ሸሽተው ብሪስቶል ከተማ ይገባሉ፤ ሰው የማይኖርበት ቤት ገብተው ይኖራሉ፤ ሄሮይንም ይለምዳሉ። በርጀስ አይሰብክም። ምዕራፎቹን ለገጸ ባሕርያቱ አከፋፍሏቸዋል፤ ሁሉም በየራሱ አፍ ይተርካል። ትልቁ ብልሃት ይኸው ነው። ጄማ በፈለገች ቀን ማቆም እንደምትችል ስትናገር አንባቢው ያምናታል፤ ደስታዋም ይጋባበታል። በኋላ ጓደኛቸው ሊሊ ልጇን እያጠባች ለመርፌዋ የሚሆን የደም ሥር ከጡቷ ላይ ስትፈልግ ያያል።

ሱሰኛን «ወስላታ» ብሎ ማለፍ ከዚያ ወዲያ ይከብዳል። ታር ደጋግሞ ሲዋሽ አንባቢው ይናደድበታል፤ የሸሸውን ዱላ ስለሚያውቅ ግን ሊጠላው አይሆንለትም።