ያልተነካ ምሽግ አይመዘንም፦ ስለ 2021ዱ የጆርጂያ ተከላካዮች

«ደግሞ ስለ ፈረንጅ ኳስ መጻፍ ተጀመረ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይፈረድበትም። ነገር ግን እንደኔ አትላንታ ዙሪያ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው በመከር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ቀይና ጥቁር የለበሰ ሕዝብ ወደ አቴንስ ከተማ ሲጎርፍ እያየ፣ የወዳጆቹም ልጆች እዚያው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ እየገቡ፣ «እኔን አያገባኝም» ብሎ መዝለቅ አይችልም። እኔም አልቻልኩም። ከልጄ ጋር ማየት ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስም ጨዋታው ገባኝ። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን የጨዋታውን ፍቅር ሳይሆን የፍርዱን ነገር ነው። የ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የጆርጂያ ተከላካዮች በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜ በስህተት ተፈርዶባቸዋል። አንዴ ሲወደሱ፣ አንዴ ሲወገዙ። ሁለቱም ፍርዶች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ይመስለኛል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመራመድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ካለፈ ታችዳውን ይባላል፣ 6 ነጥብ ያገኛል። እዚያ መድረስ አቅቶት ኳሱን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካሳለፈ 3 ነጥብ ብቻ ነው። እንግዲህ የተከላካይ ሥራ ስድስቱን ወደ ሦስት፣ ሦስቱን ደግሞ ወደ ባዶ ማውረድ ነው። ይህቺን ስሌት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስባታለሁ።

ወደ ውዳሴው ልግባ። ጆርጂያ በመደበኛው ውድድር 12 ጨዋታ አድርጎ 12ቱንም አሸነፈ። በእነዚህ ሁሉ ጨዋታዎች የተቆጠረበት 83 ነጥብ ብቻ ነው፤ በአማካይ 6.9 ማለት ነው። ቫንደርቢልት፣ አርካንሶና ጆርጂያ ቴክ አንድም ነጥብ ሳያገኙ ተሸኙ። በመክፈቻው ጨዋታ ኃያሉ ክሌምሰን 10 ለ 3 ሲሸነፍ የጆርጂያን ብቸኛ ታችዳውን ያስቆጠረው አጥቂ አልነበረም። ክሪስቶፈር ስሚዝ የተባለው ተከላካይ ነበር፤ ኳሱን ጠልፎ 74 ያርድ ሮጦ።

ይህ በዕድል የመጣ ውጤት አልነበረም። አሠልጣኙ ከርቢ ስማርት ራሱ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በተከላካይነት የተጫወተ፣ በኋላም በአላባማ በኒክ ሴበን ሥር የተከላካዮችን ክፍል ለዓመታት የመራ ሰው ነው። በመስመሩ መካከል ጆርዳን ዴቪስ ይቆማል፦ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ የቀረው ጥቂት፣ ክብደቱ ከ150 ኪሎ በላይ። ይህን ልጅ ለመግፋት አንድ ሰው አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል። ሁለቱ በእሱ ከተያዙ ደግሞ ከኋላው ያሉት ናኮቢ ዲንና ኳይ ዎከር የሚነካቸው ሳይኖር ወደ ኳሱ ይወረወራሉ። የምሽጉ ምሥጢር ይኸው ነበር። ዴቪስ ራሱ ብዙ ጊዜ ማንንም አይጥልም፤ ሌሎቹ እንዲጥሉ ቦታ ይከፍታል። የእሱ ሥራ በቁጥር ሰንጠረዥ ላይ እምብዛም አይታይም።

እንግዲህ በኅዳር መጨረሻ ላይ «በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ የመከላከል ኃይል» የሚለው ወሬ አገሩን ሞላው። ማስረጃው ምን ነበር? 6.9። ይህች ቁጥር እውነት ናት፤ ግን ያልተናገረችው ነገር አለ። ከክሌምሰኑ ጨዋታ በኋላ ጆርጂያ ያሸነፈበት ጠባቡ ልዩነት 17 ነጥብ ነበር፤ ኬንታኪን 30 ለ 13። ይህ ማለት ተከላካዮቹ ለሦስት ወር ያህል በጭንቅ ውስጥ አልገቡም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቡድናቸው እየመራ፣ ባላጋራው ተስፋ እየቆረጠ ነው የተጫወቱት። ያልተነካ ምሽግ ጠንካራ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል?

የታወቀው ታኅሣሥ 4 ቀን፣ እዚሁ አትላንታ ነው። ባላጋራው አላባማ ነበር። የአላባማ አጥቂ መስመር በሳምንቱ ከኦበርን ጋር ሲጫወት ኳርተርባኩን ብራይስ ያንግን 7 ጊዜ አስጥሎታል። ስለዚህ ጆርጂያ ምን ሊያደርገው ነው ተብሎ ነበር የተጠበቀው። የሆነው ተቃራኒው ነው። የጆርጂያ ተከላካዮች ያንግን አንድ ጊዜ እንኳ መጣል አልቻሉም። እሱ ግን 421 ያርድ ወረወረ። ጀምሰን ዊልያምስ የተባለው ፈጣን ልጅ ከኋላቸው እየሾለከ አንዴ 67፣ አንዴ 55 ያርድ ሄዶ አስቆጠረ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እንዲሉ፣ አላባማ ያንኑ ክፍት ደጃፍ ደጋግሞ ጎበኘው። ውጤቱ 41 ለ 24 ሆነ።

ያን ምሽት አብሮን ቡና ይጠጣ የነበረ አንድ ወዳጄ ሲኒውን አስቀምጦ «ጋሼ፣ ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሁሉም ውሸት ነበር!» አለኝ። በማግሥቱ ጋዜጦቹም ከእሱ አልተሻሉም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ከ41ዱ ነጥብ ውስጥ 7ቱ የተቆጠሩት የአላባማ ተከላካይ ከጆርጂያ አጥቂዎች በጠለፈው ኳስ እንደነበር፣ ማለትም የጆርጂያ ተከላካዮች ዕዳ እንዳልነበሩ የሚያስታውስ ሰው እንኳ ጥቂት ነበር። ትናንት በ6.9 የሰገደ ሰው ዛሬ በ41 ረገመ። ሁለቱንም ጊዜ ቁጥሩን አየ እንጂ ጨዋታውን አላየም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው በእኔ ሚዛን የዚያ ቡድን ትልቁ ሥራ። ጆርጂያ በታኅሣሥ 31 ሚሺጋንን 34 ለ 11 አሸንፎ፣ ከሽንፈቱ 37 ቀን በኋላ፣ ጥር 10 ቀን 2022 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከዚያው ከአላባማ ጋር ለዋንጫ ተገናኘ። የተከላካዮቹ አለቃ ዳን ላኒንግ በዚያ መካከል የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ተሹሟል፤ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ከልጆቹ ጋር ቆየ። ተጫዋቾቹ እነዚያው ነበሩ፤ ባላጋራውም ያው፤ ኳርተርባኩም ያው። በዚህ መካከል እንዲያውም የዓመቱን የሃይዝማን ሽልማት ወስዷል። የተለወጠው አጨዋወታቸው ነበር። በአትላንታ አንዴም ያልወደቀው ያንግ በዚህ ቀን 4 ጊዜ ወደቀ።

እዚህ ላይ ነው ያቺ የመጀመሪያዋ ስሌት የምትመጣው። ያንግ በዚያ ምሽት 369 ያርድ ወርውሯል፤ ትንሽ አይደለም። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው «ዳግመኛ ተበረገዱ» ይል ነበር። ነገር ግን አላባማ ወደ መስመሩ በተጠጋ ቁጥር በሩ ይዘጋበታል። አራት ጊዜ በሦስት ነጥብ ብቻ ተመለሰ፤ ሌላ አንድ ምቱን ጄለን ካርተር በእጁ አገደበት። ያስቆጠረው ታችዳውን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጆርጂያ ኳርተርባክ ኳሱን በራሱ ሜዳ ጥሎ ካስነጠቀ በኋላ የመጣ ነው። ስድስቱን ወደ ሦስት ማውረድ ማለት ይህ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ኬሊ ሪንጎ ኳሱን ጠልፎ 79 ያርድ ሮጠና 33 ለ 18 ሆነ። ጆርጂያ ከ1980 ወዲህ ያላየውን ዋንጫ አነሳ።

ሐቁን ላለመሸሸግ፣ ዊልያምስ በዚያ ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጥቷል፤ ሌላው ጎበዝ ተቀባይ ጆን መቺ ደግሞ በአትላንታው ጨዋታ ተጎድቶ ጭራሽ አልተሰለፈም። ስለዚህ ያ የአትላንታ ክፍት ደጃፍ በሚገባ ተዘግቶ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ አላገኘንም። በዚህ ምክንያት «በታሪክ ወደር የሌለው» የሚለውን ማዕረግ እኔ አልሰጣቸውም። በሚቀጥለው ሚያዝያ ከዚያ ተከላካይ ክፍል አምስት ልጆች በኤን.ኤፍ.ኤል. ምርጫ የመጀመሪያ ዙር መመረጣቸው፣ ትሬቮን ዎከርም የሁሉ ቁንጮ መሆኑ ችሎታቸውን ይመሰክራል። ችሎታ ግን አትላንታ ላይም ነበራቸው፤ አላዳናቸውም። ያዳናቸው ሽንፈታቸውን ቁጭ ብለው ማየታቸው ነው።

በበኩሌ ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት አለ። እኛ የተማርን የምንባለውም ሰውን፣ ማኅበርን፣ ትውልድን ስንመዝን እንደዚያ ወዳጄ ነን፤ በደጉ ቀን እናነግሣለን፣ በክፉው ቀን እንቀብራለን። ከዚህ ሁሉ ይልቅ መጠየቅ የነበረብን አንድ ነገር ነው፦ ከተመታ በኋላ ምን አደረገ? ልጄ ይህን ከእኔ ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። በዚያ የታኅሣሥ ምሽት ወዳጄ «ውሸት ነበር» ሲል እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «ቆይ፣ ገና ይገናኛሉ» ነበር ያለው።

ቸር እንሰንብት።