ሞላውን አውጡት፦ በቤት የተሠሩ የሄሊኮፕተር መቆጣጠሪያዎች ሲመዘኑ

በኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር አውሮፕላን ጥሩ አድርጎ የሚያበር ልጅ ሄሊኮፕተር ሲሞክር ነገሩ ይበላሽበታል። ከመሬት ትነሣለች፣ ትወዛወዛለች፣ ትዞራለች፣ በቃ ትከሰከሳለች። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ሄሊኮፕተር ማብረር በእውነቱም ከባድ ነው። ግን በእጃችን የያዝነው ጆይስቲክም ድርሻ አለው፤ የተሠራው ለአውሮፕላን ነዋ!

ለዚህ ነው ብዙ የሲሙሌተር ወዳጆች መቆጣጠሪያውን ራሳቸው የሚሠሩት። የፒቪሲ ቧንቧ፣ ጣውላ፣ ጥቂት ብሎንና ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ከዚያም እንደ አርዱይኖ ሊዮናርዶ ያለ ትንሽ ሰሌዳ ይበቃል። ሊዮናርዶ በዩኤስቢ ሲሰካ፣ ተገቢው ፕሮግራም ከተጫነበት፣ ኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ ይቀበለዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው። አሠራሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን እንወቃቸው። በእግሮቻችሁ መካከል የሚቆመው ዘንግ ሳይክሊክ ይባላል፤ ሄሊኮፕተሯን ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን ያዘነብላታል። በግራ እጃችሁ በኩል ያለው ማንሻ ኮሌክቲቭ ነው፤ ወደ ላይ ሲሳብ የሁሉም ክንፎች ማዕዘን በአንድ ጊዜ ይጨምርና ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ያድጋል። ፔዳሎቹ የጅራቷን ትንሽ ማራገቢያ ያዛሉ፤ አፍንጫዋን ያዞራሉ።

የመጀመሪያው ስሕተት ሞላው ነው። የተለመደ ጆይስቲክ ሲለቀቅ ወደ መሐል ይመለሳል። ይህ ለአውሮፕላን ያስኬዳል፤ ነፋሱ ራሱ መሪውን ወደ ቦታው ይገፋዋልና። በሄሊኮፕተር ግን እጃችሁ የሚውለው መሐል ላይ አይደለም። ወደፊት ስትበሩ ሳይክሊኩ ወደፊት እንደተገፋ ይቆያል። ትልልቆቹ ሄሊኮፕተሮች ሞላ ቢኖራቸውም አብራሪው በአንድ ቁልፍ የሞላውን ማረፊያ ቦታ ይቀይረዋል። መሐል ላይ የተቸነከረ ሞላ ግን እጃችሁን ያለማቋረጥ ይታገላል፤ ለስላሳ መሆን ያለበትን እንቅስቃሴ ግፊያ ያደርገዋል። ስለዚህ አውጡትና በምትኩ ቀላል ሰበቃ አድርጉበት፤ ዘንጉ የተዉት ቦታ ይቁም።

ሁለተኛው ስሕተት በዓይን አይታይም፤ በሒሳብ ነው የሚገኘው። ብዙዎች ማዕዘኑን የሚለኩት በፖቴንሺዮሜትር ነው፤ የድሮ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ውስጥ ያለው ዕቃ ማለት ነው። እሱ 270 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ሊዮናርዶ ይህን ሙሉ ዙር በ1,024 ደረጃዎች ከፍሎ ያነበዋል። ሳይክሊካችሁ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ዲግሪ ብቻ ቢንቀሳቀስስ? የዙሩ አንድ ዘጠነኛ ነው፤ የሚቀራችሁ 114 ደረጃ ገደማ ይሆናል። ያን ሁሉ ደክማችሁ ሄሊኮፕተሯ የምትዘለው ለዚህ ነው። ዙሩን 8 ጊዜ የሚያባዛ ጥርስ ብትገጥሙ 910 ደረጃ ታገኛላችሁ፤ ጥርሶቹ ልል ከሆኑ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የተሻለው ማግኔትና የሆል ሴንሰር መጠቀም ነው። እርስ በርስ ስለማይነካኩ አያልቁም፤ ጠባቡን ማዕዘን ወደ ሙሉ ቮልቴጅ የሚዘረጉ ዓይነቶችም አሉ።

የዘንጉ ርዝመትም ዋጋ አለው። 10 ሳንቲሜትር በሆነ ጆይስቲክ 1 ዲግሪ ማለት ጫፉ ላይ 1.7 ሚሊሜትር ነው። 60 ሳንቲሜትር በሆነ ዘንግ ግን ከ10 ሚሊሜትር ይበልጣል። እጅ አንድ ሳንቲሜትርን ማዘዝ ይችላል፤ ሁለት ሚሊሜትር ላይ ግን ይንቀጠቀጣል።

ኮሌክቲቩን በተመለከተ፣ የአውሮፕላን የጋዝ ማንሻን እንዳለ ወስዶ መጠቀም ግራ ያጋባል። እሱ ወደፊት ሲገፋ ኃይል ይጨምራል፤ ኮሌክቲቭ ግን ወደ ላይ ነው የሚሳበው። ሲለቀቅ በራሱ ክብደት የሚወድቅ ከሆነም ዋጋ የለውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ልፋቱ የሚውልበት ቦታ ነው። አንዳንዱ 40 ማብሪያና ማጥፊያ ደርድሮ፣ ቀለም ቀብቶ፣ መብራት አድርጎ፣ ሳይክሊኩን በርካሽ ሞላ ይተወዋል። እኔ ብጠየቅ፣ ማብሪያ የሌለው ግን አራቱን እንቅስቃሴዎች በትክክል የሚያነበው ይበልጣል እላለሁ።

ምርጡም ቢሆን ወሰን አለው። ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የአብራሪዎች ማሠልጠኛውን ሲሠራ የአባቱን የኦርጋንና የፒያኖ ፋብሪካ ዕውቀት ተጠቅሞ ነበር፤ ሠልጣኙን ከነመቀመጫው የሚያዘነብለው በወናፍ ነው። እናንተ ግን ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ የምታምኑት ዓይናችሁን ብቻ ነው። ስለዚህ "ይህን ከቻልኩ እውነተኛዋንም አበራለሁ" የሚለው አያስኬድም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በእጅና በእግር ያስተምራል። ኮሌክቲቩን ስትስቡ ሞተሩ ክንፎቹን በበለጠ ኃይል ያዞራል፤ አካሏ በተቃራኒው መዞር ይጀምራል፤ ፔዳል ትረግጣላችሁ፤ የጅራቷ ግፊት ወደ ጎን ይወስዳታል፤ በሳይክሊክ ትመልሷታላችሁ። አንዱን ስትነኩ ሁሉም ይነካል።

የሠራችሁትን በዚህ ፈትኑት። ፍላይትጊር የተባለው ሲሙሌተር ነፃ ነው። በባሕር ጠለል አጠገብ ካለው ከጅቡቲ አየር ማረፊያ ተነሥታችሁ ሄሊኮፕተሯን አየር ላይ አቁሙና ኮሌክቲቩ የት ላይ እንደቆመ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ያቺኑ ሄሊኮፕተር በዚያው ክብደት ቦሌ ላይ አቁሟት። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ኮሌክቲቩም ከፍ ማለት አለበት። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ መለካት ከቻላችሁ፣ የሠራችሁት ነገር ከመጫወቻነት አልፏል።