የማተሚያው ልክና የቀራጺው ዓይን

ቹክ ሃል እ.ኤ.አ. በ1984 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ስቴሪዮሊቶግራፊ (ፈሳሽ ሬዚንን በብርሃን እያጠነከረ ንብርብር በንብርብር የሚያትም ስልት) ለትናንሽ የብረት ምስሎች አብነት ማውጫ ከሆነ ወዲህ የሚቸረው ውዳሴ አንድ ዓይነት ነው፤ ረቂቅ ዝርዝር ያወጣል፣ ጊዜም ይቆጥባል ይባላል። በእኔ አስተያየት ውዳሴው ቦታውን ስቷል።

የስልቱ ትልቁ ውለታ ልኬት ነው። ከአብነቱ ሞልድ ይወጣል፤ ተራ ሬዚን የጎማ ሞልድ የሚጋገርበትን ሙቀትና ጫና ስለማይችል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በሲሊኮን ይቀዳል። ቆርቆሮ የበዛበት ቅይጥ ይፈስበታል፤ የወጣው ብረት ራሱ አብነት ሆኖ የማምረቻው ሞልድ ይሠራበታል። ምስሉ በየደረጃው ጥቂት ይኮማተራል። በእጅ የሚቀርጽ ሰው ይህን በግምት ያካክሳል፤ በኮምፒውተር ግን አንድ ቁጥር መቀየር ይበቃል። የመድፍ ጎማ ወይም ሁለት እኩል ክንፎች ሲሆኑ እጅ ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም።

ጉድለቱ የሚታየው ፊት ላይ ነው። ቁመቱ 28 ሚሊሜትር የሆነ ወታደር በ0.05 ሚሊሜትር ውፍረት ቢታተም 560 ንብርብር ይኖረዋል። ቀጥ ብሎ በቆመው እግር ላይ ንብርብሩ እምብዛም አይታይም፤ ጋደል ባለው ትከሻና ጉንጭ ላይ ግን እንደ ኮንሶ እርከን ይደረደራል። ሞልዱ እርከኑን ሳይምር ይቀዳዋል፣ ብረቱም ይደግመዋል፣ ቀለም ሲያርፍበት ደግሞ ይብሱን ይጎላል። ምስሉን አጋድሎ ማተም እርከኑን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የድጋፍ ዘንጎቹም ጠባሳ ይተዋሉ። በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ የአፍንጫው ጠርዝና የዐይን ሽፋኑ አብረው ይሄዳሉ። አራት ሚሊሜትር የማይሞላ ፊት የሚተርፈው ነገር የለውም።

ንብርብሩን ማሳሳት ይህን ያቀልለዋል። የማይቀለው የስክሪኑ ፈተና ነው። ቀራጺው ፊቱን አጉልቶ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይስላል፤ ምስሉ በልኩ ሲወጣ ያ ሁሉ ድካም ከአንድ እጅ ቀለም ስር ይቀበራል። ይህ የዓይን ስንፍና ነው፤ ማሽኑን መውቀስ አይቻልም።

በተቃራኒው፣ በብሪታንያው የትናንሽ ምስሎች አምራች ሲታዴል ለብዙ ዓመታት በኢፖክሲ ፑቲ የቀረጹት መንትዮቹ አለንና ማይክል ፔሪ የልብሱን እጥፋት ከእውነቱ ያጠልቁታል፣ ብረቱ እንዲሞላና እንዳይጎብጥም የጠመንጃውን አፈሙዝ ያወፍሩታል። ማይክል እ.ኤ.አ. በ1996 በመድፍ አደጋ ቀኝ እጁን አጣ፤ ግራውን አሠልጥኖ ወደ ቅርጹ ተመለሰ። ሥራዎቹን በፍቅር የማያቸው ለዚህ ነው፤ ጥበቡ በአንድ እጅ ላይ እንዳልተንጠለጠለ አሳይተዋል። እጅ ተለውጦ ጥበቡ ከቀጠለ፣ ማሽንም እንደ ሌላ እጅ ሊያገለግል ይችላል።

ስለዚህ ዲጂታል ቀራጺ የምትቀጥሩ ሁሉ አደራ፤ ፋይል ከመላኩ በፊት ሞልድ ይክፈት፣ ብረት ያፍስስ፣ የተበላሸውንም በጣቱ ይዳስስ።