የተናገረው ለማን ነው?

ሰው ገድሎ የተፈረደበት ሰው ካሜራ ፊት ተቀምጦ ታሪኩን ሲያወራ አንድ ቦታ ላይ መዝለሉ አይቀርም። ልጅነቱን ይዘረዝራል፤ ከሟች ጋር እንዴት እንደተዋወቁ፣ ማን ማንን እንዳስቀየመ፣ በዚያን ቀን ምን እንደበላ ሳይቀር ይነግረናል። ነገሩ ከደጃፉ ሲደርስ ግን፣ "ተጨቃጨቅን፣ ደሜ ፈላ፣ ከዚያ ራሴን ያገኘሁት ፖሊስ ጣቢያ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ቀጥሎ ስለ ማረሚያ ቤቱ፣ ስለ ጸጸቱ፣ ስለ እናቱ እንባ እንደገና በሰፊው ያወራል። የቪዲዮ ኤዲተር በመሆኔ ይህን ዝላይ ከመስማትም አልፌ አየዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ ቃለ መጠይቅ ታይምላይን ላይ ተዘርግቶ፣ ሰውየው የታሰረበት ጉዳይ ጣቴን ብጭንባት የምትሸፈን ቁራጭ ናት።

ተመልካች ያችን ቁራጭ እንዳለች አይቀበላትም፤ የጎደለውን ከራሱ አምጥቶ ይሞላል። እንዲህ ያለ ዶክመንተሪ የሚያቀናብር ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ተመልካቹ ያንን ጎዶሎ በምን እንደሚሞላው ነው ባይ ነኝ። ሙዚቃውና የቀለም እርማቱ ኋላ ይደርሳል።

ለዚህ ስል ያላለቀ ሥራ፣ በእኛ አነጋገር ራፍ ከት፣ ላፕቶፕ ላይ ጭኜ ለሰው አሳያለሁ። የማሳየውም አዲስ አበባ መሀል ላሉ የሙያ ጓደኞቼ ሳይሆን ዙሪያውን ላሉት ከተሞች ሰው ነው። እኔ ቡራዩ ነኝ፤ ሰበታ ዘመድ አለኝ፤ ሱሉልታም የማውቃቸው ቤቶች አሉ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ሰው ግን ዛሬም በድሮ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። የቤት ኪራይ ከመሀል ከተማ የገፋው ሠራተኛ፣ እርሻው ፋብሪካና መኖሪያ ቤት የሆነበት ገበሬ፣ ሥራ ፍለጋ ከሩቅ አገር የመጣ የቀን ሠራተኛ በአንድ ሰፈር ውሎ ያድራል። አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገናኛሉ። ፊልም እዚህ ካለፈ የትም ያልፋል።

ሰበታ፣ አለም ገና በኩል፣ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶቿ ሲሰበሰቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። "እናቱ አለች?" ነው። ሁለተኛው "ወልዷል?" ነው። ሰውየው ያችን የዘለላትን ቦታ ሲያልፍ አንዷ ቀስ ብላ፣ "ሰይጣን አሳስቶት ነው እንጂ..." ትላለች፤ ሌሎቹም ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ጎዶሎው ተሞላ ማለት ነው፤ ሰይጣን ገባበት። ከዚያ በኋላ ገዳዩ የሚለው ሁሉ ሰይጣን ያታለለው ምስኪን ልጅ ቃል ሆኖ ይሰማል።

ይህን በክፋት ማየት አይገባም። ፊት ለፊታችን ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው ሲታየን አንጀታችን መንሰፍሰፉ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ያለው እኛው ጋ ነው። ፊቱን አቅርበን እያሳየን፣ ዝምታውን ሳንቆርጥ እየተውን፣ ከሥር ክራር እየደረደርን ሠላሳ ደቂቃ ከእሱ ጋር እናስቀምጣቸዋለን። ሟች ግን አንድ የመታወቂያ ፎቶግራፍ ናት፤ እሷም ለአምስት ሰከንድ። ማን ያሳዝን?

አንድ ጊዜ የዚያኑ ቃለ መጠይቅ ቅደም ተከተል ለወጥኩት። መጀመሪያ የሟች እህት ትታያለች፤ ታናሽዋ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረች፣ ደመወዟን ምን ላይ እንደምታውለው ታወራለች። ከዚያ ገዳዩ ይገባል። በሴቶቹ ዘንድ ሐዘኔታው ባይጠፋም ጥያቄው ተለወጠ፤ "ልጅቷ ግን ምን አደረገችው?" ማለት ጀመሩ። ፊልሙ ሲያልቅ አክስቴ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችና፣ "አንተ፣ ያቺ እህቷ የት ገባች? አንዴ አስለቅሳችኋት ትታችኋት ሄዳችሁ እኮ" አለችኝ። ስለ ፊልም አሠራር ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። የሟችን ወገን በር ከፋች አድርጎ አምጥቶ፣ ዋናው ተናጋሪ ሲመጣ ማሰናበት የዚህ ሙያ የተለመደ ዘዴ ነው፤ የውጭዎቹም ያደርጉታል።

ቡራዩ ያለው ፀጉር ቤት ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ወጣቶቹ መጀመሪያ የሚያዩት ሰውየው እያነበበ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። "ዓይኑን እዩት፤ አጠገቡ ሰው አለ።" "እጁን ለምን አያሳዩንም?" ይሄ ጥርጣሬ ከሰማይ አልወረደም። በቴሌቪዥን የሚቀርብ ኑዛዜ ምን እንደሚመስል አገሩ በደንብ ያውቃል። በ2004 ዓ.ም. አኬልዳማ፣ በጥር 2005 ደግሞ ጅሃዳዊ ሐረካት የተባሉት ዶክመንተሪዎች በኢቲቪ ሲታዩ ጉዳያቸው ገና ችሎት ላይ የነበሩ ሰዎች ወንጀለኛ ተደርገው ቀረቡ፤ እስረኞችም ካሜራ ፊት በራሳቸው ላይ ሲመሰክሩ ታዩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን የሚችል ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ በጥፋተኛነት እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው ይላል። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. ያው ጣቢያ የፍትሕ ሰቆቃን አቀረበ፤ የቀድሞ እስረኞች በምርመራ ወቅት የደረሰባቸውን ግፍ ተናገሩ። ይህን ሁሉ ያየ ትውልድ ፊት አንድ እስረኛ አስቀምጦ "በነፃ ፈቃዱ ነው የሚያወራው" ብሎ መጻፍ አይበቃም።

ስለዚህ የምንቀርጸው ይግባኙ አልቆ ፍርዱ የጸናበትን ሰው ብቻ ነው። የትኛው ፍርድ ቤት፣ መቼ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደፈረደበት ሰውየው አፉን ከመክፈቱ በፊት በጽሑፍ ይወጣል። አንቀጹ ለምን ያስፈልጋል? "አሥራ አምስት ዓመት ብቻ?" የሚለው ጩኸት በየቤቱ ስለሚነሳ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 ከባድ ግድያን በዕድሜ ልክ ወይም በሞት ይቀጣል፤ በአንቀጽ 540 ተራ ግድያን ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት። ይህቺን ሁለት መስመር ስናስገባ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ክርክሩ "ዳኛው ተገዝቷል" ከሚለው ወጥቶ "አስቦበት ነው ወይስ ድንገት?" ወደሚለው ዞረ። በጣም የተሻለ ክርክር ነው።

ወጣቶቹም ግን ጎዶሎውን ይሞላሉ፤ በዘዴ ነው የሚሞሉት። "ስልኩን ባይከፍት ኖሮ አይያዝም ነበር።" "ልብሱን ለምን አላቃጠለም?" ከዚህ የተነሳ የአፈጻጸም ዝርዝር ከእጄ አይወጣም፤ መሣሪያው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተደበቀ እቆርጠዋለሁ። አዘጋጁ ቅር ይለዋል፤ ይበለው።

ከሁሉ የሚከፋው መሙያ ግን ሌላ ነው። ስሙ በጽሑፍ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ይለወጣል። የአባት ስም ይነበባል፤ የመጣበት አገር ይገመታል፤ ሁለት ሰዎች ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ቡራዩ በመስከረም 2011 ያየችውን አይታለች፤ ሰዎች ተገድለዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለዋል። እንዲህ ባለ ከተማ ገዳዩ የዘለላት ቁራጭ በብሔር ስትሞላ አንድ የባልና ሚስት ወይም የባለዕዳ ጠብ በደቂቃ ውስጥ የሕዝብ ጠብ ይሆናል። ኤዲተር ይህን ሊያስቀር የሚችለው ጠቡን በዝርዝር በማሳየት ነው። ስንት ብር ነበር? ማን ለማን ዋስ ሆነ? አጥሩ ስንት ክንድ ተገፋ? ዝርዝሩ ሲበዛ ለግምት የሚተርፈው ቦታ ይጠባል።

ሱሉልታ ያገኘሁት ግን ከዚህ ሁሉ ለየት ይላል። እንጦጦን ተሻግሮ የጎጃም መንገድ ላይ ያለው አገር ብርድ ነው፤ ቤት ውስጥ በጋቢ ተጠቅልለው ነው ያዩት። ካዩት መሀል በአካባቢው ጠብ ሲነሳ ለሽምግልና የሚጠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አይተው፣ "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ የተናገረው ለማን ነው?" አሉኝ።

ለሕዝብ ነው አልኳቸው።

"ሕዝብ ምን አደረገለት? ሕዝብ ይቅር ይለዋል?"

የሚያስቡት በጉማ ሥርዓት ነበር። በኦሮሞ ዘንድ ነፍስ ሲጠፋ የሁለቱ ወገን ሰዎች ጉዳዩ በሽማግሌ እስኪያልቅ አይገናኙም፤ ገበያም ውሃም ላይ ይራራቃሉ። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ ደሙ የሚደርቅበት ሥርዓት ይፈጸማል። መንግሥት ቢያስርም ጉማው ይቀጥላል፤ ታሳሪው አንድ ቀን ወደ ቀዬው መመለሱ አይቀርምና። ሕጉም በአመክሮ መውጫ መንገድ አለው፤ ጸባዩ ከሰመረ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ሰው ሊወጣ ይችላል። በአማራውም ቢሆን የደም ነገር በሽማግሌ፣ በካሳና በዕርቅ የሚያልቅበት ወግ አለ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዘመንማ የተፈረደበት ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ደም ወይም ገንዘብ መምረጥ የእነሱ ፈንታ ነበር። ጭካኔው ይቅርብን። ግን በዚያ ሁሉ ወግ ውስጥ የገዳይ ቃል ተቀባይ ነበረው፤ ሰምቶ "አልቀበልም" የሚል፣ "ዋሸህ" የሚል ሰው ፊቱ ቆሞ ነበር። ካሜራ እንዲህ አይልም። ካሜራ ሁሉን ይቀበላል።

ጆሹዋ ኦፐንሃይመር የተባለው ፊልም ሠሪ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያደረገው ያኔ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው "ዘ አክት ኦፍ ኪሊንግ" በ1965 እና በ1966 ሰው የጨፈጨፉ ሰዎች ሥራቸውን እንደ ፊልም ተዋናይ እየተጫወቱ ያሳያሉ፤ ተመልካቹም አፉን ይዞ ያያል። በ2014 በወጣው "ዘ ሉክ ኦፍ ሳይለንስ" ግን ወንድሙ የተገደለበት የዓይን መነጽር ባለሙያ ገዳዮቹ ቤት ይሄዳል፤ ዓይናቸውን እየለካ ይጠይቃቸዋል። ወሬያቸው ያው ነው። ሰሚው ሲለወጥ ግን ጉራቸው ይከስማል፤ ይቆጣሉ፣ ወሬ ያስቀይሳሉ፣ ያስፈራራሉ። ሁለተኛው ፊልም ጉማ የሚያውቅ ሰው የሠራው ይመስለኛል።

እኛም ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ቀየርን። ቀረጻ ከመያዛችን በፊት የሟች ቤተሰብ ጋ እንሄዳለን፤ ፈቃዳቸውን ብቻ ሳይሆን ጥያቄያቸውን ይዘን እንመለሳለን። የታሪክ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚመጣ አገሩ አይቶታል። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ "ድፍረት" ፊልም ብሔራዊ ቴአትር ሊታይ ሰው ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ዕግድ ቆሟል፤ ከሳሿ ታሪኩ የተወሰደባት፣ የጠለፋትን ሰው ገድላ ራሷን ተከላክላለች ተብሎ በነፃ የተለቀቀችው ሴት ነበረች። ነገሩ በኋላ ተፈትቶ ፊልሙ ታየ። ፊልሙን አይተው ያጨበጨቡት ሁሉ ከእሷ ጋር ነበሩ፤ እሷ ግን ውጭ ነበረች።

ቤተሰብ የሚልክልን ጥያቄ "ለምን ገደልክ?" የሚል አይደለም። ለዚያ የራሳቸው መልስ አላቸው። ጥያቄያቸው ትንንሽ ነው። ነጠላዋን ምን አደረግኸው? ውሃ ጠይቃ ነበር? የማንን ስም ጠራች? ጠያቂው ወረቀቱን አውጥቶ፣ "ይህን የጠየቀችህ እህቷ ናት" ብሎ ሲያነብለት፣ ሁልጊዜ የሚዘላት ቦታ ላይ ሰውየው መዝለል ያቅተዋል። ታይምላይኑ ላይ ያቺ ትንሽ ቁራጭ ትረዝማለች። ማይኩ ትንፋሹን ሳይቀር ይይዛል። ደሜ ፈላ ያለው ሰው በሩን ማን እንደዘጋው፣ እሷ የት ጋ እንደቆመች መናገር ይጀምራል፤ ሰይጣንም ከክፍሉ ይወጣል።

ፊልሙ ውስጥ ጥያቄው አለ። ጥያቄውን ሲሰማ ፊቱም አለ። መልሱን ግን ቆርጬ ለብቻው ለቤተሰቡ እሰጣለሁ፤ ማየትም አለማየትም የእነሱ ነው። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የተስማማኝ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ጣቢያ የሚገዛን መልሱን የፊልሙ መክፈቻ ካደረግነው ብቻ እንደሆነ ነገረን፤ ሳንሸጥለት ቀረን። የፀጉር ቤቱ ልጆች፣ "ታዲያ ለእኛ ካልሆነ ለምን ትጠይቁታላችሁ?" ብለው ተቆጡኝ። አክስቴ በበኩሏ፣ የሟች እህት መጨረሻ ላይ ተመልሳ በመምጣቷ ደስ ብሏት ስለ መልሱ አልጠየቀችም። የሱሉልታው አዛውንት ደግሞ እኔም አልረካሁም አሉ። እሳቸው የፈለጉት እህቷ ራሷ ማረሚያ ቤት ሄዳ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ያለ ካሜራ እንድትጠይቀው ነው። "እናንተ ከዚያ በኋላ ብትመጡ ይሻላል" አሉኝ። እህቷ እስካሁን እሺም እምቢም አላለችም፤ እኛም ሁለተኛውን ክፍል አልጀመርንም።